ጥፋቱ የጋራዡ ነው

ልጅ ሲወድቅ መሬት የሚመታው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ስዞር ኖሬያለሁ። መቼም አይታችኋል። ልጁ ይሮጣል፣ የገዛ እግሩ ከገዛ እግሩ ጋር ይጣላበታል፣ ይወድቃል። ለለቅሶው የሚሆን አየር ስቦ ሳይጨርስ እናቱ ትደርስና እሱን ትታ መሬቱን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ ታደርጋለች። «ይቺ መጥፎ! ልጄን ጣለችው? በይ እንኪ!» ልጁም ለቅሶውን ገታ አድርጎ የፍርዱን አፈጻጸም ይከታተላል። አንዳንዱማ በትንሿ እጁ አንድ ይጨምርላታል። መሬት ተመታች፣ ልጅ ተነሳ፣ ነገሩ አለቀ።

እኔ ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ። ዝምተኛ ልጅ ሌላ ሥራ ስለሌለው ያስባል፤ ሳስበው ደግሞ መሬቷ ታሳዝነኝ ነበር። ምን አደረገች? ተኝታ ነው የነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ስማር መምህሩ ስለ ስበት ሲያስረዳን፣ መሬት ልጁን በእርግጥም ወደ ራሷ እንደምትስበው ሰማሁና በቁሜ ደነገጥኩ። ለካ እናቶች ባዶ ክስ አልነበረም የሚመሠርቱት። ቢሆንም ጥያቄዬ አልተመለሰም። ልጁ የወደቀው እግሩን ስላላየ ነው። ታዲያ «እግርህን እይ» ማለት እያለ መሬት መምታቱን ምን አመጣው?

በብዙ ቤት ይህ ልማድ ልጁ ሲያድግ ይቀራል። በእኛ ቤት አልቀረም። አድጎ ጋራዥ ደረሰ።

ጋራዥ ስል እንዳትሳሳቱ። በአገራችን ጋራዥ ማለት ቱታ የለበሱ ሰዎች ከመኪና ሥር ተጋድመው በመዶሻ የሚነጋገሩበት ቦታ ነው። የእኛው የመኪና መኝታ ቤት ነው። ይህን ለከተማችን ለመካነ ሰላም ሰው ለማስረዳት ብዙ ደክመናል። ቤቱ ያለቀ ሰሞን እናቴ ላገኘችው ሁሉ «ልጄ ጋራዥ አሠራችልን» ስትል ከርማ፣ አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ባጃጁን እየገፋ መጥቶ በራችንን አንኳኳ። «ባለሙያው የሉም?» አለ። አባቴ መንዳት እንጂ መፍታት ሥራቸው አይደለም፤ ቢሆንም እንግዳን እንዲሁ መመለስ ከብዷቸው የሞተሩን ካንዴላ ፈትተው በጨርቅ ጠረጉለት። ባጃጁም ተነሳ። ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ የበለጠ ከበደን።

አባቴ ሰይድ ይባላሉ፤ ከተማው ግን እንደ ማዕረግ አድርጎ «ሾፌር ሰይድ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጭነት መኪና ከደሴ መካነ ሰላም ተመላልሰዋል። ከአቀስታ በላይ ያለው ጉም ሲወርድ ሌላው ሾፌር ዳር ይዞ ሲቆም፣ እሳቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው መንገዱን በጆሯቸውና በአፍንጫቸው እያነበቡ ያልፉ ነበር ይባላል። ታላቅ እህቴ ዘይነብ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። ቤቱን ያሠራችው እሷ ናት። አባ ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ ነጭ ፒካፕ ገዛችላቸው። «የሰው ዕቃ ሲጭኑ ኖረዋል፤ አሁን የራስዎን ሰው ይጫኑ» ነበር ያለቻቸው።

መጀመሪያ የቀኙ መስታወት ተሰበረ። እማ ወጥታ አየችና የጋራዡን በር በመዳፏ ጠፍ አድርጋ «ይሄ በር እኮ ጠቧል» አለች። ግንበኛ ተጠርቶ በሩ ሰፋ። ቀጥሎ የግራው ጎን ተላጠ። ምሰሶው ነው ያለቦታው የቆመው ተባለ፤ ምሰሶው ተነቀለ። ከዚያ የኋላ መብራቷ ረገፈ። በሩ ሰፍቷል፣ ምሰሶው የለም። የሚከሰስ ነገር ሲጠፋ አባ ራሳቸው ወደ ጣሪያው አንጋጠጡና «ይሄ ጋራዥ ጨለማ ነው» አሉ።

እኔና እማ ተያየን። ገና ቀትር ነበር። ፀሐይዋ በሰፋው በር ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች።

«አዎ» አለች እማ፣ «ድቅድቅ ያለ ነው።»

ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ በቤታችን ወደ እኔ ይመራል፤ ፊዚክስ የተማርኩበት ጥቅሙም እስካሁን ይኸው ነው። «ሀያት የተማረች ናት፤ መብራቱን እሷ ትምረጥ» ተባለ። ተማርኩ እንጂ ተናገርኩ አልተባለም።

ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር። ፒካፓችን ብቅ ስትል በዳር የሚሄደው ሰው ወደ ቦዩ ይወርድና እጁን ከፍ አድርጎ በአክብሮት ሰላምታ ይሰጣል። አህያ የሚነዳው አህያውን ይዞ አጥር ይጠጋል። አባ ይህን እንደ ክብር ይቆጥሩት ነበር። «ሰው ጨዋ ሆኗል» ይላሉ ሲመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ፣ ለሳቅ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ ዘይነብ እመጣለሁ ባትል።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከዒዱ በፊት ልትመጣ ሆነ። አውሮፕላኗ ኮምቦልቻ ያርፋል። አባም ወሰኑ። «ልጄን የሰው መኪና አይቀበላትም» አሉ። እማ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ፣ በዚያ ጉም፣ በዚያ ዳገትና ቁልቁለት፣ የጭነት መኪናና የበግ መንጋ መሐል ለመሐል። በገዛ ግቢያቸው፣ በሰፋ በር፣ በጠራራ ፀሐይ ግድግዳ ያጡ ሰው ናቸው። እስቲ አሁን ያንን ግድግዳ ገደል አድርጋችሁ አስቡት። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። 

በዚያ ላይ ዘይነብ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ሀዩ፣ አባ ሲነዷት አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም እኮ። ሰው ቤት ወለል ሳጥብ የማስበው ይህን ነው፤ ከአውሮፕላን ስወርድ አባ በር ከፍተውልኝ ስገባ። ይነዳሉ አይደል?» ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ የወሎ ሰው ሁሉ መላ ሲያጣ የሚለውን አልኳት። «አብሽሪ» አልኳት። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት ነው፤ እሺም አይደል፣ እንቢም አይደል። ብዙ ነገር ተሸፍኖ የሚያድርበት ብርድ ልብስ ነው።

መናገሩን ስላልቻልኩበት ስለ መብራት ማንበብ ጀመርኩ።

ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፖል ዓይነቱ ብዙ ነው። ዋቱ የሚበላውን፣ ሉመኑ የሚያበራውን ይነግራችኋል፤ እንደ ሰው ሁሉ ብዙ እየበላ ትንሽ የሚያበራም አለ። ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። አንዱ እንደ ቀን ብርሃን ነጭ ነው፣ ሌላው ወደ ቢጫ ያደላና ባለሱቆቹ «ዋርም» ይሉታል። እማ ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። «ዋርም ማለት ሞቃት አይደለም እንዴ? እንግዲያው እሱን አምጪ፣ ለዒድ ያሰርናት በግም ትሙቅበት።» ስሙ ነው እንጂ አያሞቅም ብላት አዘነች። በእኛ ብርድ፣ የማያሞቅ ነገር ሞቃት ተብሎ መሸጡ ማታለል ነው አለች። አልተከራከርኩም።

የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡት ጋሽ አዳነ ናቸው፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ። ማተባቸው ከአንገታቸው አይጠፋም፤ ሰላምታቸው ግን የሁላችን ነው።

«ሀያት፣ እንደምን ዋልሽ? አባትሽ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ?»

«ደህና ናቸው። ለጋራዥ የሚሆን መብራት ፈልጌ ነበር።»

«ለየትኛው ጋራዥ? መኪና ለሚጠግነው ነው ወይስ መኪና ለሚሰብረው?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ጋሽ አዳነ ቀልዱ እንደከበደኝ ሲያዩ ፈጠን ብለው ረዘም ያለ ነጭ ዱላ የመሰለ አምፖል አወረዱና ሰኩት። ሱቁ ነጭ ሆነ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን።

«አየሽልኝ? ይቺን ከሰቀልሽ የጠፋ መርፌ ራሱ ‹እዚህ ነኝ› ይላል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ የምሸጠው የጣሪያውን ነው። የአባትሽ ደሴ ነው ያለው፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

«እኔ? ሾፌር ሰይድን?» አምፖሉን ነቀሉት። «እኔ እቴ ቦዩ ውስጥ ወርጄ ሰላም እላቸዋለሁ።»

ከእነዚያ ነጫጭ ዱላዎች ሦስት ይዤ ወጣሁ። ደማቅ ከሆነ ያያሉ፣ ካዩ አይገጩም ብዬ ነው። ደግሞስ ምን ሌላ አቅም ነበረኝ?

አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ይህን አልደብቃችሁም። ጠዋት አባ ግቢ ውስጥ ፒካፑን ሲያጥቡ ባልዲ ይዤላቸው ሄድኩ። አንዱን ጎን አጥበው ጨርሰው ያንኑ ጎን እንደገና ያጥባሉ። «አባ» አልኳቸው፣ «የአቀስታው ጉም በዚህ ሰሞን ከባድ ነው ይላሉ። እንዴት ይሆናል… አያዩም እኮ።»

«እነማን?» አሉ አባ።

እዚህ ላይ ሰዋስዋችንን ልብ በሉልኝ። እኛ ቤት አባት በአክብሮት ነው የሚጠራው፣ የአክብሮቱ ግስ ደግሞ ከብዙዎቹ ግስ ጋር አንድ ነው። «አያዩም» ስል እርስዎ አያዩም ማለቴ ነበር፤ ሌሎች ሰዎች አያዩም ማለትም ይሆናል። ቋንቋችን ለፈሪ ልጅ የመሸሻ በር ከፍቶለታል ማለት ነው። በሩም ሰፊ ነው፤ ግንበኛ አያስፈልገውም።

«ሌሎቹ ናቸው… ሌሎቹ ሾፌሮች» አልኩ።

«እሱስ ልክ ነሽ። የዛሬ ሾፌር ምን ያያል?» አሉና ያጠቡትን ጎን ማጠብ ቀጠሉ።

መብራቶቹ የተሰቀሉት ዘይነብ ልትመጣ ጥቂት ቀን ሲቀራት ነው። እህቴ ስትገባ ያምር ብለን ግድግዳውንም በሚያንጸባርቅ ነጭ ቀለም አስቀብተነው ነበር። አምፖሎቹን በኋላው ግድግዳ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገን ደረደርናቸው። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ መኪናዋ ስትገባ ብርሃኑ ይቀበላት ብዬ። መግሪብ ሊል ሲል ማብሪያውን ስጫነው ጋራዡ እንደ ወተት ገንፍሎ ወደ ግቢው ፈሰሰ። እማ «ማሻአላህ» አለች። አባም «ይኼ ነው መብራት!» አሉና ሊሞክሩት ፒካፑን አስነሱ።

እማ ወደ ውስጥ ገብታ በኋላው ግድግዳ በኩል ቆመች፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በእጇ ልትመራቸው። እኔ በሩ ጎን ነበርኩ።

«ይምጡ» ትላለች እማ። «ይምጡ፣ ይምጡ።»

መኪናዋ ቀስ ብላ ገባች። የአባን ፊት በጎኑ መስታወት አየዋለሁ። ዓይናቸው ጠቦ መስመር ሆኗል፤ አንድ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ግንባራቸው ላይ እንደ ቆብ ጋርደውታል። እግራቸው ግን ከነዳጁ ላይ አልተነሳም። ወደ እማ ዞርኩ። ነጭ ሻሽ ለብሳለች፤ ከጀርባዋ ነጭ ግድግዳ፣ ከራሷ በላይ ነጭ ብርሃን። ለእኔም ለአፍታ ጠፋችብኝ። ድምፅዋ ብቻ ነው ያለው።

«ይምጡ… በቃ። በቃ፣ የዘይነብ አባት። በቃ!»

ሞተሩ ይጮኻል፤ አልሰሟትም። መኪናዋ አልቆመችም። እማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ግድግዳው ያዛት። መዳፎቿን ወደ ፊት ዘረጋች፤ ልክ መኪናዋን ጠፍ ጠፍ ልታደርጋት እንደሆነ ሁሉ።

«ይቁሙ» ልል ነበር። እንዲያ ነው ያደግኩት። ግን «ይቁሙ» ረጅም ነው፤ «ይቁሙ» ሲባል ደግሞ እነማን እንደሆኑ ይጠየቃል። አፌ እኔን ሳይጠብቅ ራሱ ወሰነ።

«ቁም!»

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። የጎረቤት ዶሮዎች እንኳ ዝም አሉ። ፒካፑ ተንገጫግጮ ሞተሩ ጠፋ።

የእማ ቀሚስ ጫፍ በመኪናዋና በግድግዳው መካከል ተይዟል። ቀሚሱ ብቻ።

ከዚያ እማ እዚያው ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈች፣ ቀሚሷ እንደተያዘ፣ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሀያት» አለች፣ «አባትሽን ‹ቁም›?»

እንግዲህ እናቴ ይህች ናት። ከሞት ጋር ተሳስማ የተመለሰችበትን ትታ ስለ ግሱ ነው የጠየቀችኝ። እማ ቀሚሷን ስባ አላቀቀችና፣ የሚከሰስ ነገር ሲያስፈልጋት ቀና ብላ አምፖሎቹን አየች። «ይሄ መብራት እኮ ዓይን ይወጋል» ብላ እግሯን እየጎተተች ወጣች። በቤታችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ በሐቅ ተከሰሰ።

አባ ከመኪናው አልወረዱም። «አጥፊው» አሉኝ።

አጠፋሁት። ከሰማዩ የቀረው ብርሃን ብቻ በበሩ ገብቶ ጋራዡ ወደ ግራጫ ዞረ። «ግቢ» አሉኝ። ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እጃቸው መሪው ላይ ነው፣ አሁንም የሚነዱ ይመስላሉ። በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማንን ነው ቁም ያልሽው?»

«አንተን…» አልኩ፤ ቶሎ ብዬም «እርስዎን» አልኩ።

«የመጀመሪያውን ያዥው።» «ሰው ሁሉ እርስዎ ሲለኝ ብዙ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ከብዙዎቹ አንዱ ያይ ይሆናል እያልኩ ነው ስነዳ የከረምኩት።»

የፊቱን መስታወት በእጃቸው መዳፍ ጠረጉት፤ መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

«በጉም ውስጥ ረጅም መብራት አይበራም» አሉ። «ይህን ረዳት እያለሁ ነው የተማርኩት። ስታበሪው ጉሙ ራሱ ይበራና ፊትሽ ላይ ግድግዳ ይሆናል። መብራትሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ዳር ዳሩን እያየሽ ነው የምትሄጂ።» ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። «ያ የአቀስታው ጉም ተከትሎኝ መጥቶ እዚህ ገብቷል። መጀመሪያ በግራው፣ አሁን በሁለቱም። አንቺ ደግሞ ረጅም መብራት አበራሽብኝ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እንዴት ብዬ? በር አሰፋችሁልኝ። ምሰሶ ነቀላችሁልኝ። ግድግዳ ቀባችሁ፣ አምፖል ገዛችሁ። ይህን ሁሉ ከደከማችሁልኝ በኋላ ‹አላይም› ብል ነውር አይሆንም?»

አሁን እንግዲህ ፍረዱ። እኛ እሳቸውን ላለማሳፈር ጋራዥ ስንቀጣ፣ እሳቸው እኛን ላለማሳፈር መኪና ሲያጋጩ ከርመናል። ይሉኝታ መንጃ ፈቃድ ቢጠየቅበት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ቁልፉን ነቀሉና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። እኔም ይዤው ወረድኩ፤ ለአንድ ቀን የሚበቃኝን ተናግሬ ነበር።

ኮምቦልቻ የሄድነው በሚኒባስ ነው። አባ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡና መንገዱን ሙሉ አስተማሩት፤ የትኛው ኩርባ እንደሚያታልል፣ የትኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደማይታመን፣ ሁሉንም ሳያዩ። ጉሙ ሲመጣ ድምፁን ከእኛ በፊት ሰሙት። «አሁን መብራትህን ዝቅ» አሉት፣ ልጁም ዝቅ አደረገ። ከኋላ ሆኜ እማን አየኋት፤ መቀመጫውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯ ዱዓ ላይ ነው።

ዘይነብ ወጥታ ሁላችንንም ካቀፈች በኋላ በትከሻችን ላይ አሻግራ መኪናዋን ፈለገች። የፈራሁት ይህንን ነበር።

«መኪናዋስ?» አለች።

«ጋራዥ ገብታለች» አሉ አባ።

እውነታቸውን ነው፤ ውሸት የለበትም። ዘይነብ ግን እንደ ማንኛውም የአገራችን ሰው ሰማችው። «ውይ፣ ምን ሆና?»

«እሷ ደህና ናት» አሉ። ከዚያ የሚኒባሱን በር በእጃቸው ዳብሰው አገኙና ከፈቱላት። ዘይነብ እጃቸው በሩን ሲፈልግ አየችው። ገብታ ከጎኗ ቦታ ያዘችላቸው። እስከ ደሴ አለቀሰች። ደሴ ስንደርስ የዓይን ሐኪሙ የት እንደሆነ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ቀጠሮ ሳንይዝ ወደ መካነ ሰላም አልተመለስንም።

ነጫጮቹን ዱላዎች አውርጄ ለጋሽ አዳነ መለስኳቸው። አሁን የመረጥኩት ወደ ቢጫ የሚያደላውን ነው፣ ወተት የመሰለ ሽፋን ያለውን። በኋላው ግድግዳ ሳይሆን በሁለቱ ጎኖች፣ ብርሃኑ ግድግዳውን ዳብሶ ወደ ወለሉ እንዲወርድ፣ ማንንም ፊት ለፊት እንዳይወጋ አድርጌ አሰቀልኩት። የሚያንጸባርቀውም ቀለም በፈዘዘ ተሸፈነ። እማ ገብታ አየችና እጇን ወደ አምፖሉ ዘረጋች። «አሁንም አይሞቅም» አለች፤ ግን አልጠላችውም።

መኪናዋ ብቻ ቀረች። የአባ ቀጠሮ ገና ነው። «መኪና ቆማ አትከርምም፤ አንቺ ታንቀሳቅሻታለሽ» አሉ አንድ ጠዋት፤ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው፣ እንድመልስላቸውም አልጠየቁ። እኔ የማውቀው ሞተር በመጽሐፍ ላይ የተሣለውን ነው፤ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት የሚያስፈራኝ ሴት፣ የመንጃ ፈቃድ ሽታ የሌለብኝ። «ከግቢው በር አትወጪም፤ ከጋራዡ አውጥተሽ ትመልሻታለሽ፣ በቃ» አሉ።

ማውጣቱን አወጣሁ። ስመልሳት፣ በዚያ በሰፋ በር፣ ምሰሶ በሌለበት፣ እኔው ራሴ በመረጥኩት መብራት ሥር፣ ሁለት ጤነኛ ዓይኖች ይዤ የቀኙን ጎን ከግድግዳው ጋር ከዳር እስከ ዳር አፋቅኳት። ድምፁን ልነግራችሁ አልችልም። ሞተሩን አጠፋሁና ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁት። ለለቅሶው አየር እየሳብኩ ነበር።

ግቢው ውስጥ የቆሙት አባ ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ሄዱ። ጭረቱን አገኙት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ለኩት። ከዚያ ግድግዳውን ጠፍ ጠፍ አደረጉት።

«ይሄ መጥፎ!» አሉት። «ልጄን ገጫት? በል እንካ!»

ሳቄ ነው የቀደመኝ። ቀና ስል በግድግዳው በኩል ቆመው ይጠብቁኛል፤ ፊታቸው ወደ እኔ ነው፣ ዓይናቸው ትንሽ ወደ ጎን። ያ የልጅነት ጥያቄዬም አብሯቸው የቆመ መሰለኝ። መሬቷ ምንም አላጠፋችም፤ እናትየዋም ታውቃለች። ልጁ እስኪነሳ ድረስ ጥፋቱን የሚይዝለት አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ከተነሳ በኋላ ግን እግርህን እይ የሚለው ሰው ደግሞ የግድ ነው። እኛ ቤት የጠፋው ሁለተኛው ብቻ ነበር።

«አሁን እግርሽን ከነዳጁ ላይ አላነሳሽም፣ መሪውንም አዘግይተሽ ነው ያዞርሽው» አሉ አባ። «ቁሚ ስልሽ ትቆሚያለሽ። ሰምተሻል?»

በሩ ከኋላዬ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወርጄ ወደ መጽሐፎቼ ብሄድ የሚከለክለኝ የለም፤ ጥፋቱም ለግድግዳው ተሰጥቷል። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ፣ አውጥቼ እንደገና ላስገባት ወሰንኩ።